ከዋንዛው መታጠፊያ በታች

ሱቄ በነበረው ቤት ዛሬ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ይሸጣል። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር ብድግ ብሎ፣ «እትዬ እታገኝ፣ ይግቡ እንጂ፣ ቤትዎ አይደል» ይለኛል። አንዳንዴ እገባለሁ። ጎማ እሰቅልበት የነበረው ሚስማር ከነዝገቱ አለ፤ እሱ ሄልሜት ይሰቅልበታል። ወለሉ ላይ የማስቲሹ እድፍ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ያንን እድፍ አየት አድርጌ እወጣለሁ።

ለሚጠይቀኝ ሰው ሥራውን የተውኩት ጉልበቴ ደክሞ ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ቀድሞ የተወኝ ሥራው ነው። ባጃጅና ሞተር ጂንካን ሞልቷታል። ቢስክሌት ያለው ሰው ወይ መኪና ፈርቶ ጓዳ አስገብቶታል፣ ወይ ልጆቹ ጎማውን ነቅለው እያንከባለሉ ይጫወቱበታል። በቢስክሌት ሊጎበኙ ይመጡ የነበሩት እንግዶችም መምጣት ካቆሙ ቆዩ። አንድ ሙያ ከከተማ ሲወጣ ቆሞ የሚሸኘው የለም፤ አንድ ቀን ዞር ስትሉ የለም፣ በቃ።

የእኔ ሙያ ሰው ማውረድ ነበር። ጎማ መለጠፍና ካቴና ማጥበቅማ ማንም ይችላል። ዳገቱንም ጉልበት ያለው ሁሉ ይወጣዋል። ሰው አስከትሎ፣ በቢስክሌት፣ ከቀይ አፈር ከተማ የሚመጣውን የደን መንገድ ወርዶ፣ የማንም ጥርስ ሳይሰበር ጂንካ መግባት ግን ሌላ ነው። ፈረንጅ አውርጃለሁ፣ ያገር ሰው አውርጃለሁ። ባልና ሚስት መንገድ ላይ ተጣልተው መሐላቸው ገብቼ አውርጃለሁ። አንዴም ቁልቁለቱን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊት እየደገሙ የወረዱ ቄስ አውርጃለሁ። ሁሉም በደህና ገቡ። በደህና ያላስገባሁት አንድ ሰው ነው፤ እሱም መውረድን ያስተማረኝ ጋሽ ኢሳያስ ነው። ባለፈው በልግ ቀበርነው። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ነው፤ ስለ ራሴ የማወራው እሱ ጋ ለመድረስ ስል ነው።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ሃያ ሊሞላኝ ነበር። አያቴ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ጂንካ የቀሩ ሰው ናቸው። አባቴ ጸሐፊ ነበር፤ በዚያ ግርግር መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ እቤት ዋለ። እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜአለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ስኳርና ጨው ተጠቅልሎበት የመጣውን ጋዜጣ ነው። ለውዝ ቆልቼ እያዞርኩ እሸጥ ነበር።

ያን ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያው የከተማው እምብርት ላይ ነው፤ ሣር የለበሰ ሜዳ። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ጥበቃው ከብቱን ያባርራል። በሌላው ቀን ሜዳው የከብቱ፣ የኳስ ተጫዋቹና ቢስክሌት የሚከራየው ሰው ነው። ጋሽ ኢሳያስ ሜዳው ዳር፣ ሾላ ስር ተቀምጦ ቢስክሌት ያከራያል፣ የተሰበረ ይጠግናል። የአሪ ሰው ነው፤ በቀይ አፈር መንገድ ኮረብታው ላይ ካለ መንደር የመጣ፣ እሁድ እሁድ በቋንቋው የሚዘምር ፕሮቴስታንት። አማርኛን ትልቅ ሰው ሆኖ ስለ ለመደው ሴትና ወንድ፣ ታላቅና ታናሽ አይለይም፤ ለሁሉም «አንተ» ነው። እናቴን «እንዴት አደርክ» ባላት ቁጥር ስታጉረመርም ትውላለች። እኔም እሱን አንተ ማለት ለመድኩ። እርስዎ ስለው ሌላ ሰው የጠራሁ እየመሰለው ወደ ኋላው ይዞራል።

ቢስክሌት ላይ የወጣሁት ለውዝ ልሸጥ ሄጄ ነው። የሚወድቁትን እያየሁ ስስቅ፣ እሱ ከለውዜ ዘግኖ እያኘከ፣ «አንተ ትስቃለህ፤ እስኪ ና ውደቅ» አለኝ። ሄጄ ወደቅሁ። ቀሚሴ ካቴናው ውስጥ ገብቶ ተቀደደ፣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች «ሙሽሪትን በቅሎዋ ጣለቻት» እያሉ ዘፈኑብኝ፣ ጎረቤታችንም ይህች ልጅ ባል አታገኝም ብላ ለእናቴ ደመደመች። ባሌን ያገኘሁት ጎማ ላስነፋ ብሎ መጥቶ ነው። ያቺ ጎረቤት ሰርጌ ላይ ስትበላ ምንም አላለችም።

እንዲህ ሆኖ እሱ ጋ ቀረሁ። በኋላ ጠባብ ሱቅ ተከራየ፤ እሱ በር ላይ፣ እኔ ውስጥ።

አሁን መንገዱን ላውራ። ያን ጊዜ ጠጠር የተቀላቀለበት አፈር ነው። በደን መሐል ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣና ጂንካ ሲቃረብ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ገደል የሚባል አይደለም፤ ለስላሳ ነው፤ ክፋቱም እሱ ነው። ገደል ያስፈራል፣ ትጠነቀቃላችሁ። ለስላሳ ቁልቁለት እያባበለ ነው ሰውን የሚያስፈጥነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከቀይ አፈር ገበያ እህልና ጎደሬ ጭኖ የሚመለስ ባለ ቢስክሌት በፍሬን ብቻ አይወርድም፤ ሸክሙ ይገፋዋል። ስለዚህ ከኋላ መጫኛው ላይ በገመድ ግንድ ያስርና መሬት ለመሬት ይጎትታል። ይህን «ጭራ» እንለዋለን። ጋሽ ኢሳያስ ጭራ ሲመርጥ ለልጁ ሚስት የሚመርጥ ይመስላል። እርጥብ መሆን አለበት፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ፣ ከመሐሉ ትንሽ የጎበጠ። ደረቅ ግንድ ይዘላል፣ የተላጠ ይንሸራተታል፣ ቀጥ ያለ ይንከባለላል። ጥሩ ጭራ መሬቱን ሲነክስ እንደ ጠገበ በሬ ያጉረመርማል፤ ያንን ድምፅ ከኋላችሁ እየሰማችሁ ዝግ ብላችሁ ትወርዳላችሁ። በበጋ መሬቱ ስለሚደርቅ ጭራው እየነጠረ ያስቸግራል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ አፈሩ ይለሰልስና ጭራው ጥሩ አድርጎ ይነክሳል። እና የእኛ አገር ባለ ቢስክሌት ዝናብ ሲመጣ ይጠለላል፣ ልክ ሲያባራ ይነሳል። ካባራ በኋላ ያለችው ሰዓት የወራጅ ሰዓት ናት። ይህን የማያውቅ ልጅ እንኳ የለም።

ሌላው የጋሽ ኢሳያስ ዘዴ ዛፍ ነበር። በየመታጠፊያው አፋፍ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ብሳናው፣ ዝግባው፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ዋንዛው። ጥላቸው መንገዱን ያቋርጣል። «ጥላው ሲነካህ ያዝ፤ ሲለቅህ ልቀቅ» ይለኛል። ፍሬኑን ማለቱ ነው። ደመና ሲሆንስ ብዬ ጠየቅኩት። የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ ክንዱን አሳየኝ። ዛፍ ስር ያለው አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ፀሐይ ኖረ አልኖረ ቆዳ ያውቀዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም እጅጌዬን ሳልጠቀልል ወርጄ አላውቅም። የመጨረሻው፣ የዋንዛው መታጠፊያ፣ ከሁሉም ይከፋል፤ መንገዱ ጂንካን አሳይቶህ፣ ደረስኩ ስትል ነው የሚታጠፈው።

በየወቅቱ መጀመሪያ ደግሞ ሰው ከማውረዱ በፊት መንገዱን ብቻውን ሽቅብ ይወጣዋል። «ሲያወጣህ ያላየኸውን፣ ሲያወርድህ አታየውም» ይል ነበር። ጎማው በመውጣት ላይ የተንሸራተተበት ቦታ በመውረድ ላይም ይንሸራተታል፤ እውነቱን ነው፤ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ታች ሲደርስ ከምንም በፊት ጎንበስ ይልና የእጁን ጀርባ ፍሬኑ የሚይዘው የጎማ ብረት፣ ቸርኬው ላይ ያሳርፋል፤ እናት የልጇን ግንባር እንደምትነካ። ከጋለ ፍሬን አብዝተሃል ማለት ነው፤ ይቆጣል። ካልጋለ «በደህና ወርደናል» ይላል። ይህን ሳይል ውሃ እንኳ አይጠጣም።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ፊት ልሂድ። ሸክም የተሸከመ ሰው ላይ ደወል አይደውልም። ጀርባዋ ላይ እንጨት ወይም ጎደሬ የያዘች ሴት ከፊት ካየ ወርዶ፣ ቢስክሌቱን እየገፋ፣ ሰላም ብሎ ያልፋታል። በሐሙስ ገበያ መንገዱ በሴቶች ይሞላል፤ ቢስክሌቱ ላይ የሆንንበት ጊዜ ወርደን ከገፋንበት ያንስ ነበር። እኔ ተቻኩዬ አንዴ ደወልኩ። «እሱ ጀርባው ሞልቷል፤ በምን ይዙርልህ?» አለኝ።

ከዚያ ሌላም ቦታ ሠርቻለሁ። ቀይ አፈር አንድ የውሃ ፕሮጀክት ቢስክሌቶቹን እንድጠብቅ ቀጥሮኝ ነበር፤ አለቃዬ ከመኪናው ወርዶ የማያውቅ ሰው ስለ ነበር ተስማምተን ኖርን። ቱርሚ አንድ ትንሽ ሆቴልም ሠርቻለሁ። ቱርሚ ሜዳ ነው፣ ሙቀቱ ማስቲሹን ቱቦው ውስጥ ያደርቀዋል፣ የግራር እሾህ ደግሞ ጎማ አያስተርፍም። ጥላ ስር ቁጭ ብዬ የውስጥ ጎማ ሳፋ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ አረፋ ስፈልግ፣ አንድ የሐመር ሽማግሌ በርኩማቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ዋሉ። ማታ ላይ በአስተርጓሚ፣ ሣር የማይበላ እሾህ ግን የሚበላ ከብት ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው አሉ። ደመወዙ ደህና ነበር። ግን ቁልቁለት የለም። እኔ ሜዳ ላይ ምን እሠራለሁ? ወደ ጂንካ ተመለስኩ።

የተመለስኩት አቶ ደረጀ እንግዶችን በቢስክሌት ማስጎብኘት የጀመረ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ልቡ መልካም፣ አፉ ፈጣን ሰው ነው። ጋሽ ኢሳያስን መሪ፣ እኔን ደጀን አድርጎ ቀጠረን። አቶ ደረጀ መንገዶቹን «ሩት አንድ፣ ሩት ሁለት» ይላቸዋል፤ ነሪ ወንዝ ዳር ለዳር የምትሄደው አጭሯ፣ ወደ ገዘር የምትወጣው የጉልበተኞቹ፣ የቀይ አፈሯ የደን መንገድ። ጋሽ ኢሳያስ ቁጥሩን ሰምቶ አንገቱን ይነቀንቅና፣ «የዝግባው ነው የምትለው?» ይለዋል። እኔ ከኋላ ሆኜ የእንግዶቹን ጣት አያለሁ። ገና ሜዳ ላይ ሳለን ፍሬን ጨብጦ ጣቱ የነጣ ሰው ቁልቁለት ላይ ይለቀዋል፤ ፍርሃት ይደክማል። እንዲህ ያለውን ከጋሽ ኢሳያስ ጎማ ኋላ አስገባዋለሁ። ጥሩ ዓመታት ነበሩ። ጥሩ መሆናቸውን ያወቅኩት ካለፉ በኋላ ነው።

አስፋልቱ መጣ። ማንም አልከፋውም፣ እኔም አልከፋኝም። ምጥ የያዛት ሴት ከቀይ አፈር ጂንካ እስክትደርስ በጭነት መኪና ላይ የምትሰቃይበት አገር ነው፤ አስፋልትን የሚጠላ ምን ዓይነት ሰው ነው? አጨበጨብን። መንገዱ ሲሰፋ ግን ዛፎቹ ተቆረጡ። ጋሽ ኢሳያስ እንደ ልማዱ ሽቅብ ወጥቶ ሲመለስ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ሰው እንዳረፈ በሚነገርበት ድምፅ፣ «ዛሬ ብሳናው ሄደ» ይለኛል። ሌላ ቀን ዝግባው። ዋንዛው የሄደ ቀን ምንም ሳይል ገብቶ ተቀመጠ፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ምልክት እናድርግ፣ ድንጋይ ቀለም ቀብተን እናስቀምጥ ብዬው ነበር።

«ድንጋይ ጥላ አለው?» አለኝ።

ወዲያው አቶ ደረጀ አዲስ እንግዶች አመጣ፤ ጎማቸው እንደ ጣት የቀጠነ፣ ለአስፋልት የተሠራ ቢስክሌት ይዘው የመጡ። እነሱ ዝግ ማለት አይፈልጉም። ጋሽ ኢሳያስ ከፊት ሆኖ ዛፍ በሌለበት ቦታ ዛፍ እየፈለገ፣ ገበያተኛ ባየ ቁጥር ወርዶ እየገፋ ሲሄድ ትዕግሥታቸው አለቀ። አቶ ደረጀ በማግስቱ ሱቅ መጣ። መናገሩ ከብዶት ብዙ ዞረ፤ በመጨረሻ፣ «ጋሽ ኢሳያስ፣ እርስዎ ከእንግዲህ ይረፉ» አለው።

ጋሽ ኢሳያስ እንደ ልማዱ ወደ ኋላው ዞር አለ። ከኋላው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ወደ ጥንት ሥራው ተመለሰ፤ ሐሙስ ሐሙስ ከወንድሙ ዘንድ በቆሎ እየጫነ ከቀይ አፈር ያመጣል። ዕድሜው ስልሳን አልፎ ነበር። ሚስቱ ማርታ ሱቅ ድረስ መጣች። ማርታ ዝምተኛ ናት፤ ከመጣች ነገር አለ ማለት ነው። በአስፋልት ላይ ግንድ እየጎተተ መውረዱን አልወደደችውም። «ተው በይው እንጂ እታገኝ። እኔ ስለው ሴት ፈሪ ናት ይለኛል። አንቺን ሴት መሆንሽን አያውቅም» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

በነጋታው ጭራ ፈልጌ አስፋልቱ ላይ ጎተትኩለት። እየነጠረ፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ተከተለኝ። ጋሽ ኢሳያስ ጎንበስ ብሎ አስፋልቱ ላይ የቀረውን ጭረት በጣቱ ዳበሰ።

«አየህ?» አልኩት፤ «አይነክስም።»

«ደረቅ ነዋ። ጭራ ደረቅ መሬት መቼ ነክሶ ያውቃል? ዝናብ ይምጣ።»

«አስፋልት አፈር አይደለም፣ ጋሽ ኢሳያስ።»

«ወጥቼዋለሁ። አንድም ቦታ አላንሸራተተኝም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደግ ዳገት አላየሁም።»

ምን ልበለው? ከእሱ የተማርኩት ነው። ሲወጡት ያላንሸራተተ መንገድ ሲወርዱት አያንሸራትትም፤ ዝናብ ሲጥል ጭራ ይነክሳል። እኔ በዝናብ ሰው አስፋልት ላይ አውርጄ አላውቅም፤ እንግዳ የሚመጣው በበጋ ነው። ከልቤ አንዱ ጥግ እውነቱን ይሆናል አለኝ። ብቻ በቀጣዩ ሐሙስ አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት፤ ደስ አለው።

ዝናቡ ከገበያ ስንመለስ ያዘን፤ ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ነው። ጋሽ ኢሳያስ ደፋር አልነበረም፤ ይህን ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ሸክሙን ሸራ አልብሶ፣ መንገድ ዳር አንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ስር አስጠለለኝ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችም ሸክማቸውን አውርደው ከእኛ ጋር ቆሙ። ዝናቡ ሲያባራ ከማጎ በኩል ፀሐይ ወጣች። እሱ ሰማዩን አየ፣ ፈገግ አለ፣ እጅጌውን ጠቀለለ።

«የወራጅ ሰዓት» አለኝ።

እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወረድን። መጀመሪያ ጭራው እንደ ነገሩ ያጉረመርም ነበር። አስፋልቱ ላይ የበጋው የመኪና ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሳሙና ሆኗል። ድሮ ዝግባው ከነበረበት ስናልፍ ድምፁ ጠፋ። ግንዱ ከኋላው አለ፣ ይከተለዋል፤ ድምፅ ግን የለውም። እሱም ሰማው፤ ማለቴ ዝምታውን ሰማው፤ አንገቱ ቀጥ ሲል አየሁ። ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደ ጮህኩ አላስታውስም። ጂንካ ከታች ታየች። እርጥቡ መንገድ ፀሐዩን እያንጸባረቀ ዓይን አያስገልጥም። ክንዱን ትንሽ ወደ ፊት ዘርግቶ ነበር። ዋንዛውን እየጠበቀ ነው።

ጥላው አልነካውም። ዘግይቶ ያዘ። እግሩን መሬት ላይ ጣለ፤ ጫማው ተንሸራተተ። መታጠፊያውን ስቶ የውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ከነሸክሙ ወደቀ፤ በቆሎው ላዩ ላይ።

ከእኛ ጋር ተጠልለው የነበሩት ሴቶች ደርሰው ሸክማቸውን አስፋልት ላይ ጣሉና አወጣነው። የተሰበረው ዳሌው ነበር። ነጠላቸውን አንጥፈን በአራት ጫፍ ይዘን መኪና እስክናገኝ መሄድ ጀመርን። ከኋላችን አንድ መኪና መንገድ ልቀቁ ብሎ ደጋግሞ ጥሩምባ ነፋ። ጋሽ ኢሳያስ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ «ሸክም ይዘናል በለው» አለኝ።

ያው መኪና ነው ሐኪም ቤት ያደረሰን። ሾፌሩ ሲያየው ወርዶ ራሱ ተሸከመው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉለት፤ አጥንቱ ግን አርጅቷል። ከዚያ በኋላ ያለ ሰው ድጋፍ አልቆመም።

ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ያልነገርኩት ነገር የለም፤ እሱም ያልተጠነቀቀው ነገር የለም። ዳገቱን ወጥቷል፣ ዝናቡን ጠብቋል፣ እጅጌውን ጠቅልሏል። የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል አደረገ፤ መንገዱ ነው ሌላ የሆነው። የማንም ጥፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ የራሴ እንኳ ቢሆን።

እኔ ሱቁን ተረክቤ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ አልዋሽም፣ መብላት ነበረብኝ። በበጋ ብቻ አወርድ ነበር። ቀስ በቀስ እንግዳው ሳሳ፣ አቶ ደረጀም ቢስክሌቶቹን አስረክቦኝ ወደ አገሩ ሄደ። እሁድ ከሰዓት ግን ጋሽ ኢሳያስ ጋ እሄዳለሁ። ዓይኑም እየደከመ መጥቶ ነበር። ማርታ በሩ አጠገብ ወንበር ታወጣለታለች፤ እኔ ጉቶ ላይ እቀመጣለሁ።

መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱ ነው። «ትናንት ወረድክ? መንገዱ እንዴት ነው?» እንዲህ ነው እንዲያ ነው፣ አንድ አይሱዙ ተበላሽቶ ነበር ስለው ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም። ወሬ እወዳለሁና፣ የእሱን፣ የድሮውን መንገድ አወራለት ጀመርኩ። ከቀይ አፈር ገበያ ተነስቼ፣ አፈሩን፣ ጠጠሩን፣ ዛፎቹን አንድ በአንድ በቦታቸው አቆምለታለሁ። ይከታተላል። ዛፍ ከዘለልኩ፣ «ብሳናውን ማን ወሰደው?» ብሎ ይመልሰኛል። ዛፎቹ እንደሌሉ ያውቃል፤ እሱ ነው የነገረኝ። ሁለታችንም ስለዚያ አናነሳም። ማርታ አጠገባችን በቆሎ እየፈለፈለች ትሰማለች።

ዋንዛው ጋ ስንደርስ ግን እኔ አቆማለሁ። «እዚህ እንረፍ» እላለሁ። «እንረፍ» ይላል። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን። ስንት ዓመት እንዲህ ሄድን፤ ከዚያ መታጠፊያ በታች አንድም ቀን አልወረድንም። እኔ አፌ እምቢ ይለኛል፣ እሱ አይጠይቀኝም።

ሱቁን የዘጋሁ ጊዜ ሄጄ ነገርኩት። መንፊያውን ሸጥከው ወይ አለኝ። እሱን አልሸጥኩም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ባለፈው በልግ ከአልጋ መነሳት ተወ። በአንዱ እሁድ ስሄድ መስኮቱ ተከፍቶ ነበር፤ ዝናብ ገና ማባራቱ ነው፣ ፀሐይዋ ብርድ ልብሱ ላይ ወድቃለች። ድምፄን ሲሰማ፣ «ዘገየህ» አለኝ። ከገበያው ጀመርኩ። ሴቶቹን ወርደን እየገፋን አለፍናቸው። ብሳናውን አለፍን፣ ዝግባውን አለፍን። ወደ ዋንዛው ስንቀርብ እንደ ልማዴ እዚህ እንረፍ አልኩት።

«አናርፍም» አለ። «ዛሬ እስከ ታች አውርደኝ።»

ማርታ የምትፈለፍለውን በቆሎ ሰፌዱ ላይ አስቀመጠች።

ጊዜ ለማግኘት ብዬ፣ «አፈር ነው፣ አስፋልት?» አልኩት።

«አፈር።»

«ዝናቡስ?»

«አሁን አባራ።»

እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለልኩለት። ክንዱ የእንጨት ያህል ቀጥኗል። ጭራው ደህና ነክሷል፣ ያጉረመርማል፣ ትሰማዋለህ አልኩት። እሰማለሁ አለ። ቀስ እንበል፣ ጂንካ ታየች፣ አትያት፣ ታባብልሃለች አልኩት። ከዚያ መዳፌን ዘርግቼ በመስኮቱ ፀሐይና በክንዱ መሐል ያዝኩ። ጥላዬ ቆዳው ላይ ወደቀ።

ጣቶቹ ብርድ ልብሱን ጨበጡ። «ያዝኩ» አለ።

መታጠፊያውን ዞርን። እጄን አነሳሁ፤ ፀሐይዋ ክንዱ ላይ ተመለሰች፣ ጣቶቹም ላሉ። ከዚያ በታች ያለውን መንገድ እያለቀስኩ ነው ያወራሁት፤ ድምፄን ግን አልለወጥኩም። የሙዙን ማሳ፣ ድልድዩን፣ የወፍጮ ቤቱን ጩኸት አለፍን። የአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ገባን፤ ከብቶቹ አሉ፣ ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ። ሾላው ስር ስንደርስ ቆምን አልኩት።

ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ «ቸርኬውን ንካው» አለኝ።

በእጄ ጀርባ እጁን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር።

«አልጋለም» አልኩት። «በደህና ወርደናል።»